ከናሙና ቁጥር ሦስት ጋር ስላልተመሳሰለው የኩሽናችን ድንጋይ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ይህን ቃል እንደ ወጉ ሳይሆን ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ የት እንዳሉ የሚነግረኝ አላገኘሁም)

ጉዳዩ፦ ከምድጃው እስከ ዕቃ ማጠቢያው የተዘረጋውንና እስከ መጪው ማክሰኞ ድረስ ብቻ የሚቆየውን አንድ ድንጋይ ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለምክትልዎ ምክትልና በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ይዘው ለሚያረጁት ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ባዶ ቃል እንዳይመስልብኝ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ቢሮዎ ድረስ አራት ጊዜ መጥቼ ደኅንነትዎን ለማረጋገጥ የሞከርኩ መሆኔን እገልጻለሁ። እርስዎን ለማግኘት ባልታደልም ኮትዎን በአራቱም ቀን በወንበርዎ ላይ ተንጠልጥሎ ስላገኘሁት፣ ኮትዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝና ከግራ እጅጌው አንድ ቁልፍ ከመላላቱ በስተቀር የሚያሳስብ ነገር እንዳላየሁበት ልመሰክር እችላለሁ። ባለቤቴ በሙያዋ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ቁልፉን ልታጠብቅልዎ ፈቃደኛ ናት። ዓይኖቿ ማየት ካቆሙ አራት ዓመት ቢሆናቸውም፣ “ቁልፍ ለመትከል ዓይን ምን ያደርጋል?” ትላለች።

እኔ በሦስተኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ ከማተሚያ ቤት በአራሚነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈውና አንዱን ቅጂ በሕንፃችን መግቢያ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ለድፍረት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች አንድም እጅ ሳይነካቸው እንደታሸጉ መቀመጣቸውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በኩራት ስላሳየችኝ፣ ምናልባት ያልታሸገ ደብዳቤ ለመክፈት አድካሚ አይሆንም ብዬ ተስፋ በማድረግ ነው። “ተስፋ” የሚለውን ቃል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዳግመኛ አልጠቀምበትም።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ይህ ሕንፃ ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ቸርነት አድርጎልን ነበር። በኩሽናችን መሥሪያ መደብ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ ራሳችን እንድንመርጥ፣ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሦስት ናሙናዎች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረውልን ነበር፤ ቁጥር አንድ እምነበረድ፣ ቁጥር ሁለት ግራናይት፣ ቁጥር ሦስት ደግሞ ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጭ በመሆኑ የሳሙና ድንጋይ የሚባለው፣ ፈዛዛ ግራጫ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ድንጋይ። ሰው ሁሉ በሚያብለጨልጩት ላይ ሲረባረብ ባለቤቴ፣ ያኔ ዓይኗ ገና መርፌ ቀዳዳ የሚያይ ነበርና፣ በአንድ ኪሷ ግማሽ ሎሚ በሌላ ኪሷ መርፌ ይዛ መጣች። ሎሚውን በሦስቱም ላይ ጠብ አድርጋ ስትጠብቅ፣ ከኋላዋ የተሰለፉት “እትዬ፣ ሰላጣ ሊሠሩልን ነው እንዴ?” እያሉ ሲስቁ፣ እሷ እንዳልሰማች ሆና ቆየችና ጠረገችው። እምነበረዱ ላይ ብርሃኑን የበላ ክብ ቀረበት፤ ግራናይቱ ላይ እርጥብ ጥላ ቀረ፤ ቁጥር ሦስት ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ዝም አለ። ከዚያ በመርፌዋ ጫረችው፤ ነጭ መስመር ወጣበት፤ ሳቁ ጨመረ። ፀጉሯን የተቀባችው ቅባት ላይ ጣቷን አስነክታ መስመሩን ብታሸው መስመሩም ጠፋ፣ ሳቁም አብሮት ጠፋ። “ይሄኛው ይቆስላል፣ ግን ይድናል። እነዚያ ቶሎ አይቆስሉም፤ ከቆሰሉ ግን አይድኑም” አለችና በቅጹ ላይ ሦስት ቁጥርን አከበበች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቁጥር ሦስትን ያከበበ ሌላ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሳስበው የኛ ጥፋት የተጀመረው ያን ቀን፣ በዚያ እስክሪብቶ ነው።

ድንጋዩን ለመምረጥ እስከ ጠራቢው ግቢ ድረስ ሄዳለች። ጠራቢው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በነጭ የድንጋይ ብናኝ ተሸፍኖ ስለሚውል ሁሉም “ዱቄት” ብሎ የሚጠራው፣ እሱም በስሙ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ሰው ነው። “እትዬ፣ በጥፍርዎ ይጫሩት፤ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ጌጥ መቅረጫ እንጂ ድስት መሸከሚያ አይደለም” አላት። ከዚያ ውሃ አፈሰሰበትና እስኪደርቅ ድረስ አብረው ጠበቁ፤ በድንጋዩ ላይ ካሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ የሚደርቀው መስመር ስንጥቅ ነው፣ ውሃ ይደብቃልና። በመጨረሻም በጠንካራ ጣቱ አንኳኳውና ጆሮዋን እንድታስጠጋ ነገራት። ደኅና ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጠራል፤ የታመመ ድንጋይ ግን ድምፁ እዚያው ይሞታል። እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ ስመለከት፣ እኔን ለትዳር ስትመርጥ ይህን ያህል እንዳልመረመረችኝ አስታውሼ አመስግኛለሁ።

አያያዙ ከሰው አያያዝ ይቀላል። በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከእሳት የወረደ ድስት ያለ ምንም ማስቀመጫ ቢቀመጥበት አይከፋውም፤ አቼቶ ቢደፋበት አያኮርፍም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከፋርማሲ የምናመጣውን ሽታ የሌለው ፓራፊን ዘይት ታፈስበትና፣ ካለዕድሜያቸው ጡረታ ባስወጣቻቸው ሸሚዞቼ ታሸዋለች፤ ግማሽ ሰዓት ትተወዋለች፤ የተረፈውን ትጠርጋለች። የምግብ ዘይት አይነካውም፤ ይሻግታል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ጭረት ከበዛ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በክብ በክብ ይታሽና እንደገና ይቀባል። አንድ ቀን ዘይቱ ለድንጋዩ ምን እንደሚያደርግለት ብጠይቃት፣ “ምንም። እሱ ሳይቀባም መጥቆሩ አይቀርም። ዘይቱ አንድ ወጥ ሆኖ እንዲያረጅ ብቻ ነው” አለችኝ። እነሆ በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያ ፈዛዛ ግራጫ ድንጋይ ጠቁሮ፣ ዝናብ እንዳዘለ ደመና ሆኖ፣ ከምድጃው እስከ ዕቃ ማጠቢያው የሚሄድ አንድ ነጭ ክር ብቻ ቀርቶበት ነበር።

የባለቤቴ ዓይን ከዳር ከዳር መደብዘዝ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሙ የተናገረውን እኔ እየሰማሁ ሳለቅስ፣ እሷ ቤት ገብታ ዓይኗን ጨፍና ኩሽናዋን ማጥናት ጀመረች። ከምድጃው ሦስት ጣት ራቅ ብሎ አንድ ቢላዋ የጣለው ጠባሳ አለ፤ ልጃችን መውለዷን በስልክ የሰማች ቀን እጇ ያመለጣት ነው፤ እንዳልጠግነው ከልክላኛለች። መሐል ላይ ሊጥ የምታሽበት፣ መዳፍ የሚያህል ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ዕቃ ማጠቢያው ጫፍ ላይ ደግሞ እኔ የብረት ድስት ጥዬ የሸረፍኩት አለ፤ እሷ “ያንተ ኃጢአት” እያለች የምትጠራው ነው። ከሁሉ በላይ ይህ ድንጋይ ሙቀት አይረሳም። ከምድጃው አጠገብ መዳፏን ስታሳርፍ እሳቱ መብራቱን፣ መጥፋቱን፣ ከጠፋም ምን ያህል እንደቆየ ትነግርዎታለች። አንባቢ ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ በቤታችን ማንበብ የሚችለው ግን ማን እንደሆነ ያወቅኩት በእነዚህ አራት ዓመታት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጽሕፈት ቤትዎ ያሰበልን። ያደረጉልንን ቅሬታ ብዬ ለመጥራት ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ “የማዕድ ቤት ገጽታን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የመመለስ መመሪያ” የተባለውን ሰነድ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በአንቀጽ አራት “ከተመዘገበው ናሙና ጋር የማይመሳሰል ገጽ ተበላሽቷል ተብሎ ይወሰዳል” ይላል። የሰነዱን ፊደላት አላረምኩም፤ ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን ለማስፈጸም የላኩት ተቆጣጣሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ፤ ከቦርሳው ናሙና ቁጥር ሦስትን፣ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ባለቤቴ የጫረችውን ያንኑ ቁራጭ አውጥቶ ድንጋያችን ላይ አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ። “አባባ፣ ይሄ እኮ ጠቁሯል” አለኝ። ዐሥራ አራት ዓመት በቢሮ የኖረን ድንጋይ ዐሥራ አራት ዓመት ድስት ከተሸከመ ድንጋይ ጋር ማወዳደር፣ የሠርግ ፎቶዬን ከኔ ጋር አስተያይቶ ሙሽራው ተቀይሯል እንደማለት መሆኑን በትሕትና አስረዳሁት። እሱም በትሕትና ሰምቶኝ “በቅባት የተበላሸ” ብሎ ጻፈ። ባለቤቴ ከወንበሯ ሆና “ልጄ፣ እጅህን አሳርፍበት እስቲ” ብትለው፣ “እናቴ፣ እኛ የምናየው በዓይን ነው” አላት። አላወቀም፤ አልተቀየመችውምም። እኔ ግን በእሷ ፋንታ ስቀየም እነሆ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ።

ሁለተኛ፣ ይግባኝ ለማለት ስለፈቀዱልኝ። በመስኮት ቁጥር ሁለት ያሉት ባለሙያ የሳሙና ድንጋይ የሚለውን አንብበው “ታዲያ ዐሥራ አራት ዓመት እንዴት አላለቀም?” ብለው ከጠየቁኝና ሁላችንም ከሳቅን በኋላ፣ በሙሉ አክብሮት ወደ መስኮት ቁጥር አምስት መሩኝ። መስኮት ቁጥር አምስት ድንጋዩ መጀመሪያ የተነጠፈው ድንጋይ ስለመሆኑ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማስረጃው ራሱ ናሙናው ነው፣ ናሙናው ግን ከድንጋዩ ጋር አይመሳሰልም፣ ስለማይመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው፣ ዞሬ ዞሬ መዝገብ ቤት ደረስኩ። ናሙና ቁጥር ሦስትንም እዚያ አገኘሁት፤ የማራገቢያው ነፋስ እንዳይበትናቸው በማመልከቻዎቻችን ክምር ላይ ተጭኖ ተቀምጧል። ሠራተኛዋ አንድ ማመልከቻ ለማስገባት በአውራ ጣቷ ይዛ ብድግ ታደርገዋለች፣ መልሳም ትጭነዋለች። የኔም አሁን ከሥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቢሮ ሥራውን ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የላኩልንን የመፋቂያ ማሽን በተመለከተ። ስለዚህ ረጅም ላለመጻፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

የማሽኑ ባለሙያ የመጣው ጠዋት ነው። ከዕቃ ማጠቢያው በኩል ጀመረ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግማሹን ድንጋይ ፍቆ ልክ እንደ ናሙናው ፈዛዛ፣ ልክ እንደ ናሙናው ምንም ነገር ያላየ አደረገው። ኩሽናው፣ መጋረጃው፣ መጻሕፍቴ ሁሉ ነጭ ሆኑ፤ ለአንድ ቀን ሁላችንም ዱቄት ተባልን። ከምሳ በኋላ ማሽኑ ለሌላ ሕንፃ ተፈልጎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ባለቤቴ ሁሉም ጸጥ ሲል ተነሥታ፣ እንደ ልማዷ በግራ እጇ ግድግዳውን ይዛ ገባችና መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። የሊጡ ቦታ የለም። የኔ ኃጢአት ተሰርዟል፤ እንዲህ ያለ ሥርየት ጠይቄ አላውቅም ነበር። እጇን ወደ ምድጃው በኩል አንሸራታ ሸካራውና ለስላሳው የሚገናኙበት ድንበር ላይ ስትደርስ ቆመች። “ከዚህ ወዲያ ያለው ቤት የማን ነው?” አለችኝ። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል፣ ማለትም ለእርስዎ፣ አስተላልፌዋለሁ።

በማግሥቱ ዱቄት መጣ። ድንጋዩን በጥፍሩ ሳይሆን በጣቱ ሆድ ዳሰሰውና ሲሳደብ ቆይቶ፣ ባለቤቴን ሲያይ ስድቡን ወደ ምርቃት ለወጠው። “እትዬ፣ ዝም ብለው ይቀቡት፤ በዓመቱ ይጠቁራል። ድንጋይ ነው፣ አይቸኩልም” አላት። “መጥቆሩን ተወው፤ ጠባሳዬን ትመልስልኛለህ?” አለችው። ዱቄት ቤቱን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

አራተኛውን ምስጋና ባለቤቴ ስታስነብበኝ “ይሄንን አውጣው፣ ስድብ ነው” ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ ሥራዎን በግማሽ የማይተዉ መሆንዎን በተግባር ስላሳዩን። ማሽኑ ከሄደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ተቆጣጣሪ መጥተው፣ ድንጋዩ ግማሹ ፈዛዛ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ስላገኙት “አንድ ወጥ ያልሆነ ገጽ” ብለው መዘገቡ። ግማሹን የፋቀው ማን እንደሆነ ብነግራቸው፣ ቅጹ ሁኔታውን እንጂ ምክንያቱን እንደማይጠይቅ አስረዱኝ። ስለሆነም በአንቀጽ ሰባት መሠረት ድንጋዩ በመጪው ማክሰኞ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ በሁሉም ቤቶች አንድ ዓይነት በሆነ፣ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ በተለበጠ ጣውላ እንዲተካ ተወስኗል። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ይላሉ አበው፤ እኛ ግን ግንዳችን ቆሞ ሳለ ነው ምሣሩ የበዛበት። ውሳኔው ለይግባኝ ሠላሳ የሥራ ቀን ይሰጣል። እስከ ማክሰኞ የቀሩን የሥራ ቀናት ሦስት ናቸው። ልዩነቱን ያሰላ ሰው ሒሳብ አይወድም መሰለኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ ድንጋዩን ይተዉልን ብዬ አልለምንዎትም። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ምን እንደሚያተርፍ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ ድንጋዩ ሲደርቅ ስንጥቁ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል። የምለምነው ከምድጃው ጎን ያለችውን፣ ማሽኑ ያልደረሰባትን፣ የቢላዋው ጠባሳ ያለባትን አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ዱቄት ሊቆርጣት ዝግጁ ነው። ባለቤቴ የምትፈልጋት ለጌጥ አይደለም፤ እዚያው ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ እሳት መብራቱን እንደ ድሮው በመዳፏ ልታውቅባት ነው። አንድ የማያይ ሰው ከእሳት ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ የሚኖርባት ስንዝር ናት። ይህንኑ በቃል ለመስኮት ቁጥር አምስት አቅርቤ፣ “የተነሣ ዕቃ ባለቤትነቱ የጽሕፈት ቤቱ ነው፣ ስንዝር የሚል ደግሞ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም” የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ቅጹን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። “አስተያየት” የሚል ቦታ አለው፤ ርዝመቱ ልክ አንድ ስንዝር ነው።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ዘይቱን አምጣልኝ አለችኝ። ወሩ አልደረሰም፣ ቅዳሜም አይደለም፤ ማክሰኞ የሚነሣ ድንጋይ ሐሙስ መቀባቱ ለማን ነው ብዬ ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። ሰማያዊ ሸሚዜን ሰጠኋት፣ ገና አዲስ ነበር። ጥቁሩን ወገን ቀባችው፤ የተፋቀውንም ወገን ቀባችው፤ የተፋቀው እንደተጠማ ሰው ስቦ ጠጣው። ከዚያ ሁለት እጇን ሰብስባ ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔም ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ የረዘመው ለዚህ ነው፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ሰዓቱ መሙላቱን ማናችንም ልንናገር አልፈለግንም።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመስኮቶችዎ ሁሉ መጋረጃ፣ ለኮትዎም የጠበቀ ቁልፍ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከጎንበስኩበትም ሳልቀና፣ በጥልቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፦

የሦስተኛው ሕንፃ የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ፣
የቀድሞ አራሚ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ዓርብ ጠዋት ስወርድ፣ ማክሰኞ ይመጣሉ የተባሉት ሠራተኞችዎ ደረጃ ላይ አገኙኝ፤ ስለ ቅልጥፍናዎ የጻፍኩት ቢኖር እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ፣ አሳንሼ ሊሆን ይችላል። ስለ ስንዝሯ ፎርማኑን ለመንኩት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ “አባባ፣ ማመልከቻ ያስገቡ” አለኝ። ድንጋዩ ለደረጃው እንዲመች በመዶሻና በመሮ ይሰባበር ጀመር። ባለቤቴ ሌላው ክፍል ተቀምጣ ስታዳምጥ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ድምፁ እዚያው ሞተ፤ በአራተኛው ጠራ፣ ቤቱን ሙሉ ጠራ። “አሁን የሰበሩት በምድጃው በኩል ያለውን ነው” አለችኝ። ትክክል ነበረች። አዲሱ ጣውላ ተገጥሞ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እስከ ኩሽናው በር መጣች፤ መዳፏን ዘርግታ ዳሰሰችው፤ እጇን መልሳ ሳትገባ ቀረች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ “እስቲ ውሃ ስጠኝ” አለችኝ።

በዚህም መሠረት በጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ሥር የቀረው ብቸኛው የሳሙና ድንጋይ በመዝገብ ቤት ያለው ናሙና ቁጥር ሦስት ነው። ባለፈው ስመጣ በደንብ አይቼዋለሁ፤ ሠራተኛዋ ማመልከቻ ባስገባች ቁጥር የምትይዘው ጥግ በእጇ ወዝ ጠቁሮ፣ የአውራ ጣት ቅርጽ ይዟል። ስለዚህ ናሙናው ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም፤ በአንቀጽ አራት ተበላሽቷል፣ በአንቀጽ ሰባት ይነሣል። መመሪያዎን እንደማያጓድሉ ስለማውቅ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየትኛው ቆሻሻ መጣያ እንደሚጥሉት ቢያሳውቁኝ፣ አንሥቼ ለባለቤቴ “የመዳፍሽን ልክ ድንጋይ አገኘሁልሽ” እላታለሁ።